የአባይነሽ ስምንት መፍትሔዎች

አባይነሽ ጩማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሒሳብ እማራለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። የሞላችው ፋርማሲ ነው። ውጤቷ ለጥቂት ጎደለና ሒሳብ ክፍል ተመደበች። አባቷ አቶ ጩማ ወላይታ ውስጥ ጉኑኖ ላይ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ወሬውን ሲሰሙ፣ «ሒሳብ የተማረ ሰው ሥራ አያጣም፤ ቢያጣ ቢያጣ እንደ እኔ ያስተምራል» ብለው አጽናኗት። እሷ ግን አልተጽናናችም። ክፍል ቀይሩልኝ እያለች ሁለት ዓመት ሬጅስትራር ደጅ ጠናች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ መመላለሱን ተወችው። ምክንያቱ አንድ የጠዋት ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህሩ በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ እንዴት እንደሚወዛወዝ የሚገልጸውን ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን ማለት አንድ ነገር አሁን ያለበትን ሁኔታ ከሚለወጥበት ፍጥነት ጋር የሚያያይዝ ቀመር ነው፤ የፊዚክስ ሕጎች አብዛኞቹ የሚጻፉት በዚህ ቋንቋ ነው። መምህሩ ቀመሩን ጽፈው ሲጨርሱ መሃሉ ላይ ያለውን የማዕዘኑን ሳይን በዳስተር አጠፉና በቦታው ማዕዘኑን ራሱን አስገቡ።

«ውዝዋዜው ትንሽ ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል» አሉ።

አባይነሽ እጇን አወጣች። «ትልቅ ሲሆንስ?»

«ያኔ ቀጥተኛ አይደለም። ሌላ ነገር ነው» አሉና ወደሚቀጥለው ምሳሌ አለፉ።

እሷ ግን ማለፍ አልቻለችም። የዚያን ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ገብታ «ሌላ ነገር» የተባለውን ፈለገች። ስታነብ የገባት ነገር ቢኖር፣ ሌላ የተባለው ራሱ አብዛኛው ዓለም መሆኑ ነው። ቀጥተኛው ዓይነት ታዛዥ ነው፤ ሁለት እጥፍ ብትገፋው ሁለት እጥፍ ይሄድልሃል፤ ሁለት መልስ ካገኘህም ደምረህ ሦስተኛ መልስ ታወጣለህ። ቀጥተኛ ያልሆነው እንዲህ አይታዘዝም። ትንሽ ትጨምርበታለህ፣ ዝም ይላል፤ ሌላ ትንሽ ስትጨምርበት ይገለበጣል። የጎርፍ አወራረድ፣ የእሳት መዛመት፣ የማዕበል መሰበር፣ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ የሚሠራ አንድ ወጥ የአፈታት ዘዴ ደግሞ የለም። ለእያንዳንዱ መላ መፈለግ ነው።

ተመርቃ ሶዶ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማረች። እዚያው ይስሐቅን አገባች፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ብዙ የማይናገር፣ ሲናገር ግን ነገር የማያስረዝም ሰው ነው። በክረምት እየተማረች ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች፤ እዚያው ሶዶ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ክፍል በሌክቸረርነት ተቀጠረች፤ ትዝታ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች፤ ከዚያም ለሦስተኛ ዲግሪ ተመዘገበች።

አማካሪዋ ዶክተር ሀብተየስ ነበሩ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ወላይትኛን እንደ ሰፈሩ ልጅ የሚናገሩ ሰው ናቸው። በክፍሉ ውስጥ ብዙ ጽሑፍ በማሳተም የሚስተካከላቸው አልነበረም። ርእሳቸው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚጓዙ ማዕበሎች ነው፤ እነዚህን ማዕበሎች የሚገልጸው ቀመር ቀጥተኛ አይደለም፤ እሳቸው ደግሞ መፍትሔ የሚያወጡበት ዘዴ አላቸው። መፍትሔው ይህን ይመስላል ብለህ ትገምታለህ። ግምቱን ቀመሩ ውስጥ ትከተዋለህ። ኮምፒዩተሩ ያልታወቁትን ቁጥሮች ይፈልግልሃል። ግምቱን ትንሽ ስትቀይረው ሌላ መፍትሔ ይወጣል።

አባይነሽ በዚህ ዘዴ ስምንት አዳዲስ መፍትሔዎች አገኘች። ጽሑፉን እሷና ዶክተር ሀብተየስ በጋራ ስማቸው ላኩት፤ ከወራት በኋላ አንድ የውጭ ጆርናል ተቀበለው። የክፍሉ ባልደረቦች ኬክ ቆረሱላት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጋቢው ስሟን ጠርተው፣ «እህታችን እግዚአብሔር የሰጣትን አእምሮ ተጠቅማ ዓለም ያላወቀውን አውቃለች» ሲሉ ጉባኤው እልል አለ። አባቷም ከጉኑኖ ድረስ መጥተው ነበርና አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡ።

ነገሩ የተበላሸው ገጽ ለመቆጠብ ስትል ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ በጣም ረዝሞባት ስለነበር፣ የስምንቱን መፍትሔዎች ሥዕል በስምንት ገጽ ከማስቀመጥ በአንድ ሥዕል ላይ ደርባ በተለያየ ቀለም ላወጣቸው አሰበች። ከሥራ ተመልሳ፣ ገና ሳይመሽ፣ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ስምንቱንም ሳልልኝ ብላ ስታዘው ስክሪኑ ላይ የታየው አንድ ኮረብታ የሚመስል ማዕበልና ወዲያና ወዲህ የተበተኑ ሁለት ጠማማ መስመሮች ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ቀለም የሳተ መሰላት። ዘግታ ከፈተችው። ያው ነው። የአንዱን ማዕበል መነሻ ቦታ ትንሽ ወደ ቀኝ ብትገፋው ሌላ ኮረብታ ከሥሩ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ። ስድስቱ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ተኝተው ነበር።

ወረቀት አውጥታ በእጅ መሥራት ጀመረች። በመጀመሪያ ሁለቱን ጠማማዎች ወስዳ ቀመሩ ውስጥ መልሳ ከተተቻቸው። ትክክለኛ መፍትሔ ቢሆኑ ዜሮ መስጠት ነበረባቸው፤ አልሰጡም። ኮምፒዩተሩ ቁጥሮቹን የፈለገው እሷ ከጻፈችው ቀመር ነው፤ እሷ ደግሞ የእነዚህን የሁለቱን ስትጽፍ አንድ የመቀነስ ምልክት ስታለች። ከዚያ ወደ ስድስቱ ሄደች። የአንዱን ክፍልፋይ ላይኛውንና ታችኛውን በአንድ ዓይነት ነገር ብታባዛው የሁለተኛውን መልክ ያዘ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ስድስቱ የተለያየ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ማለት ነበሩ፤ ልብሱ ሲወልቅ ሰውየው ያው። ያ ሰው ደግሞ አዲስ አይደለም። የማዕበል ሒሳብ የሚያጠና ሁሉ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚተዋወቀው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው መፍትሔ ነው።

ይስሐቅ ሲገባ ወረቀቱ ወለል ላይ ሳይቀር ተበትኗል።

«ምን ሆንሽ?»

«ስምንቱ አንድ ናቸው።»

«የምን ስምንት?»

«መፍትሔዎቼ። ሁለቱ ጭራሽ መፍትሔ አይደሉም። ስድስቱ ደግሞ አንድ ናቸው፤ እሱም የኔ አይደለም።»

ይስሐቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጆርናሉ ሲቀበል አላየውም?»

«አላየም። ሁሉም ሰው ለየብቻ ነው የሚስላቸው። እኔም ባልደርባቸው ኖሮ አላይም ነበር።»

«እና አሁን ማን ያውቃል?»

«እኔና አንተ።»

ምክር ትጠብቅ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ጓዳ ገባና ጎመን ከበቆሎ ዱቄት ጋር የተሠራበትን ፎሰሴ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር በሳህን ይዞ መጣ።

«አልበላም» አለችው።

«በላሽም አልበላሽም ነገ ዶክተር ሀብተየስ ጋ መሄድሽ አይቀርም። በባዶ ሆድ ከምትሄጂ በልተሽ ሂጂ።»

በማግስቱ ዶክተር ሀብተየስ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አዩ። ለማየት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁለቱን አውጪያቸው። ስድስቱን ተያቸው» አሉ።

«ስድስቱ አንድ ናቸው እኮ ዶክተር።»

«በመልክ ይለያያሉ። በዚህ ርእስ የሚያሳትም ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሳትመው። ሥዕሉን ለየብቻ አስገቢው፤ ቆሞ የሚደርብብሽ ማን አለ?»

«እኔ ደርቤያለሁ።»

ዶክተር ሀብተየስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «አባይነሽ፣ ይህን ዘዴ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። የኔም ጽሑፎች የተሠሩት በዚሁ ነው። የምትይኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ስለ እርስዎ ጽሑፍ አልመጣሁም። ይሄኛው ላይ ስሜ አለበት።»

«የኔም አለበት።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት። ያለ እርስዎ ፈቃድ ከጆርናሉ አይነሣም።»

ክላስ አለኝ ብለው ተነሡ። ክላስ አልነበራቸውም፤ ፕሮግራማቸውን ታውቀዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ ኮሪደር ላይ ሲያገኙዋት በአንገታቸው ብቻ ሰላምታ እየሰጡ ያልፉ ጀመር። እሷም ቢሮአቸውን አላንኳኳችም። በዚያ ሰሞን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ታስተምራለች፤ ቤት ገብታ የልጇን የቤት ሥራ ታያለች። አማካሪ ከተቀየመ ግን ትምህርቱ እንደሚቀር ታውቃለች። ያማከረቻት አንዲት ባልደረባዋ፣ «ላልጠየቀሽ ሰው ለምን ትመልሻለሽ?» ብላታለች።

ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ዶክተር ሀብተየስ ራሳቸው ደወሉ።

«ጽሑፉን ከጆርናሉ አስነሺው። እኔም ተስማምቻለሁ ብለሽ ጻፊ» አሉ። ስልኩን ይዘጋሉ ስትል ቀጠሉ። «የራሴንም ደርቤ አየሁት።»

«ስንቱን አዩ?»

«ሦስቱን አይቼ ተውኩት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የኔን አሁን አልነካም፤ ጊዜ ስጪኝ። ያንቺን ግን አልይዝብሽም።»

ጽሑፉ ከጆርናሉ ተነሣ። የዚያ ዓመት የደረጃ ዕድገት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወሬው በየመልኩ ተዛመተ፤ ኮርጃ ተያዘች ያሉም ነበሩ። መጋቢው በቅንነት፣ «የመጽሔቱ ነገር እንዴት ሆነ?» ብለው ሲጠይቋት «ስህተት ነበረበት፣ አስነሣሁት» አለቻቸው፤ እሳቸውም እጇን ጨብጠው አለፉ። ከሁሉ የከበዳት ለአባቷ መንገሩ ነው። አቶ ጩማ ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አሁን ከየት ትጀምሪያለሽ?» እሷም አታውቅም ነበር።

የጀመረችው ከሶዶ ወረድ ብሎ ባለው ሁምቦ ነው፤ ያውም ለቅሶ ሄዳ። የእናቷ ወንድም አቶ ዱባለ የሁምቦ ከተማ ከሆነችው ጠበላ ወጣ ብሎ ባለው ቆላ በቆሎ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ጎረቤታቸው ሞቶ አባይነሽ ከይስሐቅ ጋር ለቀስተኛ ሆና ሄደች። በዋዜማው ከብዙ ድርቅ በኋላ ዝናብ ወርዶ ነበር። ጠዋት አጎቷ ለመዝራት ይበቃ እንደሆነ ለማየት ማሳቸውን በዶማ ቆፈር አደረጉ። ይህን ማንም ገበሬ ያደርገዋል፤ አባይነሽም ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች። በዚያን ቀን ግን ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቀረች። ከላይ ያለው አፈር ጠቁሮ ረጥቧል፤ ከታች ያለው ነጣ ብሎ ደርቋል፤ በሁለቱ መካከል በጣት የሚነካ፣ በክር የተሰመረ የሚመስል ድንበር አለ።

ድንበሩ ነው የገረማት። ሙቀት በብረት ውስጥ ሲሄድ የሚገልጸው ቀጥተኛ ቀመር ድንበር አያውቅም፤ እንደ ቀመሩ ከሆነ አንዱ ጫፍ ሲሞቅ ሌላው ጫፍ በዚያችው ቅጽበት፣ በኢምንት መጠንም ቢሆን፣ ይሞቃል። ውኃ በአፈር ውስጥ ግን እንዲህ አይሄድም። እርጥብ አፈር ውኃ ያሳልፋል፤ ደረቅ አፈር ይከለክላል። ስለዚህ ውኃው መንገዱን ራሱ እያበጀ ነው የሚወርደው፤ ባላበጀው አይሄድም። የሚፈለገው ነገር ራሱ በፍጥነቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ቀመሩ ቀጥተኛ ያልሆነውም በዚህ ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብባው ታውቃለች። የሁምቦ አፈር እንደ መጽሐፉ መሆን አለመሆኑን ግን አታውቅም፤ ለክቶ የጻፈ ሰውም ፈልጋ አላገኘችም።

ሶዶ ተመልሳ ለዶክተር ሀብተየስ ነገረቻቸው። «ይህ የኔ ሙያ አይደለም» አሉ። ቆየት ብለው ግን፣ «ቢሆንም ልማር እችላለሁ። ጻፊና አምጪ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሁለት የዝናብ ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ ሁምቦ ተመላለሰች። ውኃ ለክታ ታፈሳለች፤ ጠብቃ ትቆፍራለች፤ ድንበሩ የት እንደደረሰ ትለካለች፤ ቤቷ ገብታ ቀመሩ ከሚለው ጋር ታስተያያለች። አጎቷ መጀመሪያ ላይ በኩራት ለጎረቤት ያሳዩዋት ነበር። ጉድጓዱ ሲበዛ ኩራቱ ቀነሰ። አንድ ቀን ያልደፈነችው ጉድጓድ ውስጥ የአጎቷ በሬ እግሩን ከተተና አነከሰ፤ ያውም በእርሻ ወቅት።

«አንቺ ልጅ» አሉ አቶ ዱባለ በወላይትኛ፣ ሲቆጡ የሚያወጡት ወፍራም ድምፅ አላቸው፣ «ፍልፈል እንኳ ያንቺን ያህል አልቆፈረብኝም! ፍልፈልን ደግሞ አባርረዋለሁ። አንቺን ምን ላድርግሽ?»

«አጎቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታሽ ሞፈር ይጎትታል?»

አይጎትትም። ይስሐቅ ዘመድ አዝማድ አስቸግሮ የሚያርስ በሬ በትውስት አመጣ፤ እሷም የቆፈረችውን ሁሉ በእጇ ደፈነች። በሬው ሲያገግም አጎቷም ረገቡ፤ ግን ከዚያ ወዲህ በሄደች ቁጥር ወደ ሶዶ ከመመለሷ በፊት ማሳውን ዞረው ያያሉ።

ውጤቱ እንደጓጓችለት አልሆነም። በኮረብታው ሥር ባለው አሸዋማ አፈር ቀመሩ ከልኬቷ ጋር በጥሩ ሁኔታ ሄደ። ሜዳው ላይ ባለው ጥቁር አፈር ግን ፈጽሞ ሳተ። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውኃው በስንጥቁ ጥልቅ ይልና ቀመሩ «ደረቅ ነው» ያለው ቦታ ላይ ይገኛል። ወራት ፈጅታ ልታስተካክለው ሞከረች። አልሆነም። በመጨረሻ እንደሆነው ጻፈችው፤ እዚህ ይሠራል፣ እዚያ አይሠራም፣ የማይሠራበትም ምክንያት ይህ ነው።

መመረቂያዋን የተከላከለች ዕለት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ዓመለወርቅ የተባሉ ፕሮፌሰር፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ።

«መፍትሔው ከዚህ በፊት የታወቀ ነው፤ አይደል?» አሉ።

«አዎ፣ የታወቀ ነው።»

«ታዲያ ያንቺ የትኛው ነው?»

«መፍትሔው የኔ አይደለም። የኔ የሆነው በዚህ አፈር ላይ ምን ያህል እንደሚስትና ከየት ጀምሮ እንደሚስት ማሳየቱ ነው።»

«በጥቁሩ አፈር ላይ አልተሳካልሽም።»

«አልተሳካልኝም።»

ፕሮፌሰሯ ገጽ ገለጡ። ዶክተር ሀብተየስ ጥግ ላይ ተቀምጠው እስክሪብቶ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ይስሐቅና አቶ ጩማ ከኋላ ነበሩ፤ አባቷ የሚባለው ባይገባቸውም «አልተሳካልኝም» የምትለውን ቃል ሲሰሙ ነገር የተበላሸ መስሏቸው ይስሐቅን በክርናቸው ጎነጡት። ፈታኞቹ ወጥተው ተመካክረው ሲመለሱ፣ ብዙ የሚታረም ነገር አለው፣ ግን አልፏል አሉ። ፕሮፌሰር ዓመለወርቅ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ስለ ስንጥቁ የጻፍሽውን ምዕራፍ አስረዝሚው፤ ጥሩው እሱ ነው» አሏት።

አሁን አባይነሽ እዚያው ሶዶ ታስተምራለች። የምታማክራቸው ተማሪዎች ቶሎ አይመረቁም፤ ይህም በክፍል ኃላፊው በኩል ወቀሳ ያመጣባታል። ተማሪዎቿ መልስ ይዘው ሲመጡ ቀመሩ ውስጥ መልሰው ከትተው ዜሮ መስጠቱን በእጃቸው ካላሳዩ አታይላቸውም። ባርኮት የተባለች ተማሪዋ ባለፈው ሴሚስተር፣ «ቲቸር፣ ኮምፒዩተሩ እኮ አይሳሳትም» ስትላት፣ «ልክ ነሽ፣ እሱ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው የሚያዘው ሰው ነው» ብላ መልሳታለች።

ዶክተር ሀብተየስ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው አንድ ቀን ቢሮዋ መጡ። በእጃቸው ስስ ጽሑፍ ይዘዋል። ባለፉት ዓመታት ካሳተሟቸው መፍትሔዎች የትኞቹ አንድ እንደሆኑ፣ የትኞቹ ጭራሽ መፍትሔ እንዳልሆኑ በራሳቸው ስም ጽፈውታል።

«ከመላኬ በፊት እዪልኝ ብዬ ነው» አሉ። «ቀስ ብለሽ እዪው። አሁን ምንም የሚያጣድፈኝ ነገር የለም።»

አባይነሽ ጽሑፉን ተቀብላ አየችው። ከዚያ ቢሮዋ ውስጥ የነበሩትን ተማሪዎቿን በኋላ ኑ ብላ አሰናበተችና ወንበር አቀረበችላቸው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።